ለማሳጅ ቤት አገልግሎት የሚያዋጣ ዋጋ አወጣጥ፦ ከወጪ ስሌት እስከ ዋጋ ጭማሪ

በአዲስ አበባ ማሳጅ ቤት የሚከፍት ሰው የመጀመሪያውን የዋጋ ዝርዝር የሚያዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ በሰፈሩ ያሉትን ሁለት ሦስት ቤቶች በስልክ ጠይቆ፣ ከሰማው ዋጋ ላይ መቶ ወይም ሁለት መቶ ብር በመቀነስ ነው። የጎረቤት ዋጋ ግን የተነሣው ከጎረቤቱ ወጪ እንጂ ከእርስዎ ወጪ አይደለም። ጎረቤቱ በራሱ ሕንጻ የሚሠራ፣ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ያልተመዘገበ፣ ወይም ሳያውቀው በየወሩ የሚከስር ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ማሳጅ ቤት የሚሸጠው ሰዓት ነው፤ ባለሱቅ ዛሬ ያልሸጠውን ሳሙና ነገ ይሸጠዋል፣ ማክሰኞ ጠዋት ባዶ የዋለ አልጋ ግን የኪራዩን ድርሻ በልቶ ያልፋል። ስለዚህ ዋጋ የማውጣት ሥራ የሚጀመረው በወር ስንት ማሳጅ ሊሸጥ እንደሚችል በትክክል ከመቁጠር ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ቁጥር ይከተላል።

ከዚህ በታች ያለው ስሌት ሁለት የማሳጅ ክፍል፣ ሁለት ተቀጣሪ ቴራፒስቶች፣ አንዲት እንግዳ ተቀባይና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ባሉት፣ ባለቤቱ ራሱ በሚያስተዳድረው ቤት ላይ የተመሠረተ ነው። የብር አኃዞቹ ለምሳሌ የተቀመጡ በመሆናቸው በእርስዎ ቁጥሮች ይተኳቸው፤ የስሌቱ መንገድ ግን በቦሌም ሆነ በጀሞ፣ በሐዋሳም ሆነ በባሕር ዳር አይለወጥም።

አንደኛ እርምጃ፦ የወሩን ቋሚ ወጪ ሳይሸራርፉ ይጻፉ

ቋሚ ወጪ ማለት አንድም ደንበኛ ባይመጣ የሚከፈል ወጪ ነው። በምሳሌያችን ቤት የወር ኪራይ 45,000 ብር ነው። የእንግዳ ተቀባይዋ ደመወዝ 9,000፣ የጽዳት ሠራተኛዋ 7,000፣ የሁለቱ ቴራፒስቶች መነሻ ደመወዝ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 8,000 ሲሆን በድምሩ 32,000 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ፣ ማለትም 3,520 ብር፣ መጨመር አለበት። ሠራተኛው ከራሱ ደመወዝ የሚቀነስበት 7 በመቶ ግን ለእርስዎ ተጨማሪ ወጪ አይደለም። ብዙ ባለቤቶች የደመወዝ ወጪያቸውን ሲጠየቁ ይህን 11 በመቶ ረስተው ይናገራሉ።

ለጥበቃ የሚዋጣው 3,000፣ ለመብራት፣ ለውኃ፣ ለስልክና ለኢንተርኔት 6,000፣ ለሒሳብ ባለሙያ 5,000፣ ለማስታወቂያ፣ ለጥገናና ለንግድ ፈቃድ እድሳት በወር ሲከፋፈል 6,000 ብር ይያዛል። ውኃ በሚጠፋበት ሰፈር ቦቴ አስመጥቶ ሮቶ ማስሞላት፣ መብራት በሚቆራረጥበት ደግሞ የጀነሬተር ነዳጅ የዘወትር ወጪ ስለሆነ እንደ ድንገተኛ ነገር ከዝርዝሩ አይውጣ። የኤሌክትሪክ ታሪፍም ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ስለተወሰነ፣ ቦይለር፣ ስቲምና ልብስ ማጠቢያ ማሽን ያለው ቤት የአምናውን የመብራት ደረሰኝ መነሻ ቢያደርግ ይሳሳታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የዕቃ እርጅና ነው። አልጋዎቹ፣ ቦይለሩ፣ ማሽኑ፣ ፎጣዎቹና የክፍሉ ዕድሳት 360,000 ብር ፈጅተው አምስት ዓመት ያገለግላሉ ተብሎ ከታሰበ በወር 6,000 ብር ይደርሳል። ይህን ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ማስቀመጥ ወይም ዕቁብ መግባት ይቻላል። ማሽኑ ሲበላሽ በሚገኘው ዋጋ መተካት የግድ ስለሆነና ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ምን ያህል እንደተለወጠ ሁሉም ስላየው፣ እርጅናውን በተገዛበት ዋጋ ሳይሆን ዛሬ ቢገዛ በሚያወጣው ዋጋ ማስላት ይሻላል።

ከሁሉም ይበልጥ የሚረሳው የባለቤቱ ደመወዝ ነው። ቤቱን የሚያስተዳድረው፣ ቴራፒስት ሲቀር ገብቶ የሚሠራው፣ ማታ ሒሳብ የሚዘጋው ሰው ሌላ ቦታ ተቀጥሮ የሚያገኘው ደመወዝ ቢኖር ስንት ነው? እርሱ ወጪ ነው። በምሳሌያችን 30,000 ብር ይዘናል። ይህን ሳይጽፉ «ተርፎኛል» የሚሉት ገንዘብ የራስዎ የጉልበት ዋጋ እንጂ የንግዱ ትርፍ አይደለም።

ሁሉም ሲደመር የወሩ ቋሚ ወጪ 136,520 ብር ይሆናል። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገቡ ከሆነና ሕጋዊ ደረሰኝ ከተቀበሉ፣ በግዢዎ ላይ የከፈሉት ታክስ ስለሚቀናነስልዎ ወጪዎቹን ከታክሱ በፊት ባለው ዋጋ ይመዝግቡ።

እዚህ ላይ ስለ ኪራይ አንድ ነገር መጠቀስ አለበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትን ነው፤ የንግድ ቤት አከራይ ውሉ ሲያልቅ በሚጨምረው መጠን ላይ ያ አዋጅ ገደብ አያደርግም። የውልዎ ማብቂያ ከስድስት ወር ያነሰ ከቀረው ስሌቱን በአሁኑ ኪራይ ብቻ ሳይሆን ሊጨመር በሚችለው ኪራይም ደግመው ይሥሩት።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ሊሸጥ የሚችለውን የማሳጅ ብዛት ይቁጠሩ

ቤቱ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን አሥር ሰዓት ክፍት ነው፤ ሁለት ክፍል አለው። ሃያ ስድስት የሥራ ቀን በአሥር ሰዓት፣ በሁለት ክፍል ሲባዛ 520 ሰዓት ይመጣል። በዚህ ቁጥር ዋጋ የሚያወጣ ሰው ይከስራል።

የአንድ ሰዓት ማሳጅ ክፍሉን የሚይዘው ለአንድ ሰዓት ተኩል ነው። ደንበኛው ሲመጣ የሕመም ሁኔታው ይጠየቃል፣ ልብሱን ይለውጣል፣ ሲጨርስ ይታጠባል፤ ከዚያ አንሶላና ፎጣ ይቀየራል፣ ክፍሉ ይጸዳል። ቴራፒስቱም ማሽን አይደለም። በአውራ ጣቱ፣ በእጅ አንጓውና በትከሻው የሚሠራ ሰው በቀን ከአምስት በላይ የአንድ ሰዓት ማሳጅ ለወራት ሲሠራ ቢቆይ ወይ ይጎዳል፣ ወይ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደንበኞች ለይስሙላ አሽቶ ይሸኛል። ጠንከር ያለ ማሳጅ ለሚበዛበት ቤት አራት ይበቃል።

ከዚያ ዕረፍቱ ይቀነሳል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አለው። ሕዝባዊ በዓላትና የሕመም ቀናት ሲጨመሩበት አንድ ቴራፒስት በአማካይ በወር የሚሠራው 24 ቀን ያህል ነው። ሁለት ቴራፒስቶች፣ በቀን አምስት፣ በ24 ቀን ሲባዛ 240 ማሳጅ ይሆናል። የቤቱ ሙሉ አቅም ይህ ነው፤ ከ520 ሰዓት የተነሣን መሆናችንን ልብ ይሏል።

ሙሉ አቅሙን የሚሸጥ ቤት ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ቅዳሜና እሑድ፣ በሥራ ቀናትም ከሥራ መውጫ በኋላ ወረፋ ይኖራል፤ በሥራ ቀን ጠዋት ግን አልጋው ባዶ ይውላል። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ሠርግ ስለሚበዛ የሙሽሮችና የሚዜዎች ቀጠሮ ይጨምራል፤ በኅዳር ታላቁ ሩጫ ሲቃረብና ካለፈ በኋላ እግሩ የተያያዘበት ሯጭ ይመጣል፤ በክረምት ዝናብ ደግሞ ቀጠሮ የሚሰርዝ ይበዛል። የቀጠሮ ደብተር ካለዎት ያለፉትን አሥራ ሁለት ወራት ቆጥረው አማካዩን ይውሰዱ። አዲስ ከሆኑ ከሙሉ አቅሙ 60 በመቶ መያዝ ተገቢ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይህም ብዙ ሊሆን ይችላል። 60 በመቶ በእኛ ቤት 144 ማሳጅ ነው።

እንግዲህ 136,520 ብር ለ144 ሲካፈል እያንዳንዱ ማሳጅ 948 ብር ቋሚ ወጪ ይሸከማል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ በእያንዳንዱ ደንበኛ የሚወጣውን ይጨምሩ

ዘይት፣ የአንሶላና የፎጣ እጥበት፣ የሚጣል የአልጋ ወረቀት፣ ሻይና ውኃ በአንድ ደንበኛ ምን ያህል እንደሚያስወጡ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ አንድ ሊትር ዘይት ከፍቶ ስንት ማሳጅ እንደሠራ በጠርሙሱ ላይ ምልክት እያደረጉ መቁጠር ነው። በምሳሌያችን ዘይት 60፣ እጥበት 70፣ ሌላው 30፣ በድምሩ 160 ብር ይዘናል። ከውጭ የሚመጣ ሽታ ያለው ዘይት የሚጠቀም ቤትና በአገር ውስጥ የተጨመቀ የሰሊጥ ዘይት የሚጠቀም ቤት እዚህ ላይ ይለያያሉ፤ ሆኖም ልዩነቱ ከኪራይና ከደመወዝ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። በዘይት ላይ የሚደረግ ቁጠባ ዋጋን አያድንም፤ ደንበኛውም ወዲያው ያውቀዋል።

አራተኛ እርምጃ፦ የቴራፒስቱን ፐርሰንት ከየትኛው ብር እንደሚያሰሉ ይወስኑ

በአገራችን የውበት ሳሎንና የማሳጅ ሥራ ከመነሻ ደመወዝ በተጨማሪ በፐርሰንት መክፈል የተለመደ ነው። እኛ 20 በመቶ ይዘናል። ጥያቄው የምን 20 በመቶ ነው? ደንበኛው የከፈለው 2,000 ብር ታክስን የሚጨምር ከሆነ ከውስጡ 260.87 ብሩ የመንግሥት ነው፤ የእርስዎ ሽያጭ 1,739.13 ብር ብቻ ነው። ፐርሰንቱ ከ2,000 ብር ከተሰላ 400 ብር፣ ከ1,739.13 ከተሰላ 347.83 ብር ይሆናል። በአንድ ማሳጅ 52 ብር ልዩነት ማለት በ144 ማሳጅ ከ7,500 ብር በላይ ነው። ይህ ሠራተኛውን ለመጉዳት የሚነገር አይደለም፤ ከፈለጉ ፐርሰንቱን 23 አድርገው ከታክስ በፊት ባለው ዋጋ ያስሉት፤ ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይሁን፣ ሠራተኛውም ስሌቱን ይወቀው። ደንበኛ በእጁ የሚሰጠው ጉርሻ የቴራፒስቱ ነው፤ ከደመወዙ እንደሚቆጠር አድርጎ መነሻውን ዝቅ ማድረግ ጥሩ እጅ ያለውን ሰው ለጎረቤት ቤት አሳልፎ መስጠት ነው።

አምስተኛ እርምጃ፦ ትርፍንና ታክስን አስገብተው ዋጋውን ያውጡ

አሁን ቁጥሮቹ ተሟልተዋል። ቋሚ ወጪ 948 ብርና ተለዋዋጭ ወጪ 160 ብር ሲደመሩ 1,108 ብር ይሆናሉ። ከሽያጩ 20 በመቶ ለቴራፒስቱ ስለሚሄድ ይህን ወጪ የሚሸፍነው ቀሪው 80 በመቶ ነው፤ 1,108 ለ0.80 ሲካፈል 1,385 ብር ይመጣል። ይህ ያለ ትርፍና ያለ ኪሳራ የሚያስኬድ፣ ታክስ ያልተጨመረበት ዋጋ ነው።

ከሽያጩ 15 በመቶ ትርፍ ከፈለጉ ከመቶው ላይ 20 እና 15 ተቀንሶ 65 ይቀራል፤ 1,108 ለ0.65 ሲካፈል 1,705 ብር ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት በወጪው ላይ 35 በመቶ መጨመር ነው፤ 1,108 ላይ 35 በመቶ ቢጨመር 1,496 ብር ብቻ ስለሚሆን ያሰበው ትርፍ ከግማሽ በታች ይወርድበታል። ፐርሰንቱም ትርፉም የሚሰላው ከሽያጭ ዋጋው ስለሆነ ማካፈል እንጂ መጨመር አይሠራም።

በመጨረሻ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ሲታከል 1,705 ብሩ ወደ 1,960 ብር ይደርሳል፤ ለደንበኛው የሚነገረውን ዋጋ 2,000 ብር እናድርገው። ከታክስ ጋር ከተነገረ ዋጋ ውስጥ ታክሱን ለማውጣት ለ1.15 ይካፈላል፤ 2,000 በ0.15 ቢባዛ 300 ብር ስለሚመጣ የሌለ ታክስ ከኪስዎ ይወጣል። ለታክሱ መመዝገብ ያለብዎት መሆን አለመሆኑን፣ በየትኛው የግብር ከፋይ ደረጃ እንደሚመደቡም በወረዳዎ ከሚገኘው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1341/2016፣ የገቢ ግብር ሕጉ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽለዋል፣ ስለዚህ ከሁለት ሦስት ዓመት በፊት የሰሙት ወሰን ላይሠራ ይችላል። የሕክምና አገልግሎት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ቢሆንም በጤና ፈቃድ የሚሠራ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክና በንግድ ፈቃድ የሚሠራ ማሳጅ ቤት አንድ አይደሉም፤ የፈቃድዎ ዘርፍ የሚለውን ይከተሉ።

በ2,000 ብር ዋጋ ቤቱ ከአንድ ማሳጅ ላይ ታክሱን፣ ፐርሰንቱንና የዘይቱን ሁሉ ከፍሎ 1,231 ብር ይቀረዋል። ይህን ቁጥር በወረቀት ላይ ጽፈው ከጠረጴዛዎ አጠገብ ይለጥፉት፣ ከዚህ በኋላ የሚደረገው ውሳኔ ሁሉ በእርሱ ይመዘናልና። 136,520 ለ1,231 ሲካፈል 111 ይመጣል፤ በወር 111ኛው ማሳጅ እስኪሠራ ድረስ ቤቱ የሚሠራው ለአከራዩ፣ ለሠራተኛውና ለመብራት ኃይል ነው። በ144 ማሳጅ የወሩ ትርፍ 40,800 ብር ገደማ ነው፤ ከዚህም ላይ የንግድ ትርፍ ግብር ገና አልተከፈለም።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ውጤቱን ከገበያው ጋር ያስተያዩ

የጎረቤትን ዋጋ መጠየቅ ያለብዎት አሁን ነው። በእርስዎ አካባቢ ተመሳሳይ አገልግሎት በ1,500 ብር የሚሸጥ ከሆነ መጀመሪያ ተመሳሳይ መሆኑን ያረጋግጡ፦ ሰዓቱ ሙሉ 60 ደቂቃ ነው ወይስ 45? ፎጣው ለእያንዳንዱ ሰው ይቀየራል? ደረሰኝ ይሰጣል? ራስዎ ደንበኛ ሆነው ሄደው ከፍለው ይታሹ፤ ከስልክ ጥያቄ የበለጠ ያስተምራል።

እርስዎ በ1,500 ብር ቢሸጡ ከአንድ ማሳጅ የሚቀርዎት 883 ብር ነው፤ ኪሳራ ላለማድረግ ብቻ 155 ማሳጅ ያስፈልጋል። የሚቀረው መንገድ ወጪውን መቀነስ፣ በቀን የሚሠራውን ብዛት መጨመር፣ ወይም አገልግሎቱን ከጎረቤቱ መለየት ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ይሻላል። ለስፖርተኞች የሚሠራ፣ ለነፍሰ ጡሮች የሠለጠነ ባለሙያ ያለው፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ለሚውሉ ሠራተኞች የአንገትና የትከሻ ሕመም ላይ የሚያተኩር ቤት ዋጋው ከጎረቤት ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። ወጌሻ ዘንድ ለመታሸት ሰው የሚሄደው በርካሽነቱ ሳይሆን እጁን ስለሚያምን እንደሆነ ማስታወስ ይጠቅማል። ለይቶ ለማቅረብ ግን ሥልጠናው በእርግጥ መኖር አለበት፤ የሌለ ሙያ በዋጋ ዝርዝር ላይ ቢጻፍ ደንበኛው ሁለተኛ አይመለስም፣ ሊጎዳም ይችላል።

በጣም ዝቅ ያለ ዋጋ በዚህ ሥራ ሌላም መዘዝ አለው። አንዳንድ ማሳጅ ቤቶች የተጠረጠሩበት ሥራ ስላለ፣ ዋጋው የወረደና ዝርዝሩ የተድበሰበሰ ቤት የማይፈልገውን ዓይነት ደንበኛ ይጠራል። የአገልግሎቱ ስም፣ የሚፈጀው ደቂቃ፣ ዋጋውና የሥነ ምግባር ደንቡ ጎን ለጎን በግልጽ ሲጻፉ ጠያቂው ሳይጠይቅ መልሱን ያገኛል፣ ቴራፒስቶችዎም ይከበራሉ።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ሌሎቹን አገልግሎቶች በሚይዙት ጊዜ ይተምኑ

የግማሽ ሰዓት ማሳጅ በግማሽ ዋጋ መሸጥ የተለመደ ስሕተት ነው። መቀበያውና ማጽጃው ሰላሳ ደቂቃ ሳይለወጥ ስለሚቆይ ክፍሉን የሚይዘው አንድ ሰዓት ሙሉ ነው፤ የአንድ ሰዓቱ ማሳጅ አንድ ሰዓት ተኩል ከያዘ የግማሽ ሰዓቱ ዋጋ የ2,000 ብር ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 1,350 ብር አካባቢ መሆን አለበት። በዚሁ ስሌት የ90 ደቂቃው ማሳጅ ሁለት ሰዓት ይይዛል፤ 2,650 ብር ቢሆን ያዋጣል፣ ለደንበኛውም በደቂቃ ሲታይ ይረክስለታል። ደንበኞችን ወደ ረጅሙ ማሳጅ መምራት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ አንሶላው አንድ፣ አቀባበሉ አንድ፣ እጥበቱ አንድ።

ቤት ለቤት የሚሰጥ አገልግሎት ለብቻው ይታሰብ። ከሲኤምሲ ሳር ቤት ደርሶ ለመመለስ መንገዱ ብቻ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ የአንድ ሰዓቱ ማሳጅ ሲጨመርበት ሦስት ሰዓት ይሆናል፣ ቴራፒስቱ በዚያ ጊዜ በቤቱ ሁለት ደንበኛ ያስተናግድ ነበር። የትራንስፖርት ወጪው ደርሶ መልስ 600 ብር ቢሆንና ከአንድ ጉዞ ቢያንስ የአንድ ተኩል ማሳጅ ድርሻ፣ ማለትም 1,847 ብር፣ እንዲቀር ቢፈለግ፣ 1,847 እና 160 እና 600 ተደምረው ለ0.80 ተካፍለው በ1.15 ሲባዙ 3,750 ብር ያህል ይመጣል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ አልጋው ሁሉ በተያዘበት ሰዓት፣ በዚህ ዋጋም ቢሆን ቴራፒስት ከቤት ማውጣት አይመከርም። ማንነቱ ያልታወቀ ደንበኛ ቤት ሴት ቴራፒስትን ብቻዋን መላክ ደግሞ በየትኛውም ዋጋ አይካካስም፤ አገልግሎቱን በቤቱ ቀድመው ለታወቁ ደንበኞች ብቻ መገደብ ቀላል መፍትሔ ነው።

ሞሮኮ ባዝና ሳውና ያለው ቤት የውኃውንና የመብራቱን ወጪ ከማሳጁ ለይቶ ይያዝ። አንዱ ሌላውን እየደጎመ ከሆነ ካልተለየ አይታወቅም።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ቅናሽን ከመስጠትዎ በፊት ያስሉት

ሥራ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚታሰበው ቅናሽ ነው። 2,000 ብሩን በ20 በመቶ ቀንሰው 1,600 ቢያደርጉት ከአንድ ማሳጅ የሚቀርዎት ከ1,231 ወደ 953 ብር ይወርዳል። የደንበኛው ብዛት በ144 ከቆየ የወሩ ትርፍ ከ40,800 ብር ወደ 700 ብር ገደማ ይወርዳል፤ ሃያ በመቶ ቅናሽ ትርፉን በሃያ በመቶ አይቀንሰውም፣ ያጠፋዋል እንጂ። ቀድሞ ወደነበረው ትርፍ ለመመለስ 186 ማሳጅ መሥራት ያስፈልጋል፤ ያው ሁለት ቴራፒስት 42 ማሳጅ ጨምሮ ይሠራል፣ እርስዎ ግን ምንም አይጨምርልዎትም።

ስለዚህ ቅናሽ ከተሰጠ ባዶ ለሚውለው ሰዓት ብቻ ይሁን። ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት በ1,600 ብር የሚመጣ አዲስ ደንበኛ ባዶ ከሚውል አልጋ ላይ 953 ብር ያመጣል፤ ይህ ንጹሕ ጥቅም ነው። ቅዳሜ በሙሉ ዋጋ ይመጣ የነበረ ሰው ወደ ማክሰኞ ጠዋት ከተዛወረ ግን 278 ብር አጥተዋል፤ የለቀቀውን የቅዳሜ ቦታ ሌላ ሰው ከያዘው ብቻ ይካካሳል። ለፈረቃ ሠራተኞች፣ ለሆቴልና ለአየር መንገድ ሠራተኞች፣ ለጡረተኞች ማስተዋወቅ ከዚህ አንጻር ይሻላል፤ ቅዳሜን የሚመርጠው የቢሮ ሠራተኛ ማስታወቂያውን ባያየው ይመረጣል።

አምስት ማሳጅ በአንድ ጊዜ ለሚገዛ ደንበኛ 10 በመቶ ቀንሶ በ9,000 ብር መሸጥ ሰውን ያስለምዳል፤ ነገር ግን ያ 9,000 ብር በእጅ ያለ ዕዳ ነው። ለኪራይ ከከፈሉት በኋላ አምስቱን ማሳጅ ያለ ገንዘብ ይሠራሉ። የዘይትና የደመወዝ ዋጋ በሚለዋወጥበት ጊዜ ገደብ የሌለው ጥቅል መሸጥ ዋጋን ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ማሰር ስለሆነ ሦስት ወር የአገልግሎት ማብቂያ ይጻፍበት፣ ገንዘቡም አገልግሎቱ ሲሰጥ ብቻ ወደ ገቢ ይዛወር።

ቀጠሮ ይዞ የማይመጣ ሰው 1,231 ብር ወስዶ እንደ መሄድ ነው። ለቅዳሜና ለእሑድ፣ ለሠርግም ቀጠሮዎች 500 ብር ቀብድ በቴሌብር ወይም በባንክ መቀበል፣ ቀጠሮው ከመድረሱ ሃያ አራት ሰዓት ቀድሞ ለሚሰርዝ መመለስ፣ ዘግይቶ ለሚሰርዝ አለመመለስ በቂ ነው። ደንቡ ቀብዱ ከመከፈሉ በፊት ይነገር። ለአዘውትሮ መጪ ደንበኛ አንድ ጊዜ ማለፍ ያስከብራል፤ ሁለተኛው ላይ ግን ደንቡ ይሥራ።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ ዋጋውን ይለጥፉ፣ ጊዜው ሲደርስም ይጨምሩ

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ዝርዝሩ ዋጋው ታክስን የሚጨምር መሆኑን ይግለጽ፤ ደንበኛ ሊከፍል ሲል «ከታክስ ጋር ይህን ያህል ሆኗል» ከመባል በላይ የሚያስቀይመው ነገር የለም። ከውጭ አገር ለመጣ ወይም ለዳያስፖራ እንግዳ ሌላ ዋጋ መጥራት፣ ዐይን አይቶ መተመን፣ ለጊዜው ብር ቢያመጣም በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ያለውን እምነት ያፈርሳል።

ዋጋ የሚከለሰው በየሦስት ወሩ ነው፤ መከለስ ማለት ሁልጊዜ መጨመር አይደለም። ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራትና ዘይት አዲስ ዋጋ ይዘው ከአንደኛው እርምጃ ጀምሮ ስሌቱ እንደገና ይሠራል። መጨመር ካስፈለገ ሁለት ዓመት ቆይቶ በአንድ ጊዜ 40 በመቶ ከመጨመር በየጊዜው በትንሽ በትንሹ መጨመር ደንበኛን አያስደነግጥም። ጭማሪው የሚጀመርበት ቀን ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ ይለጠፍ፣ ለነባር ደንበኞች በስልክ መልእክት ይድረስ፣ ቀድመው ጥቅል የገዙ ደንበኞችም የቀራቸውን በገዙበት ዋጋ ይጨርሱ። እንግዳ ተቀባይዋ ምክንያቱን ስትጠየቅ ይቅርታ እየጠየቀች ሳይሆን በአንድ ዓረፍተ ነገር ረጋ ብላ እንድትመልስ አስቀድመው ያለማምዷት።

ዋጋ ለመጨመር የሚፈራ ባለቤት ይህን ስሌት ይመልከት። 2,000 ብሩ በ10 በመቶ አድጎ 2,200 ቢሆን ከአንድ ማሳጅ የሚቀረው 1,370 ብር ነው። ከ144 ማሳጅ ይገኝ የነበረው ትርፍ ከ130 ማሳጅ ይገኛል፤ አሥራ አራት ቀጠሮ ቢቀንስ እንኳ ቤቱ ያው ያገኛል፣ የቴራፒስቶቹም እጅ ያርፋል። ጭማሪው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የየወሩን ብዛት ከዚህ 130 ጋር ያነጻጽሩ። ከዚያ በታች ከወረደ ወዲያው ዋጋውን ከመመለስዎ በፊት የቀነሰው በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሆነ ከቀጠሮ ደብተሩ ይለዩ፤ የቀነሰው የጠዋቱ ብቻ ከሆነ ለጠዋቱ ሰዓት ብቻ የቀድሞውን 2,000 ብር ይመልሱ፣ የማታውንና የቅዳሜውን በ2,200 ይተዉት።